ከአሥር ስንት

ደሴ ላይ ተወልዶ ዳገት መፍራት ነውር፣
እኔው በሃምሳዬ ደረጃ አይቼ ልዙር?
በቀኝ ጎን ከተኛሁ ሌሊቱ ይነድዳል፣
በግራ ከዞርሁም ጉልበቴ ይስበዋል።

ሩቅያ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣
“ሕመምዎ ከአሥር ስንት ነው?” አለችኝ ብዕሯን አንሥታ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማርክ ሰጪ እኔ ነኝ፤
“ስምንት” አልሁ፤ ድምፄ የተማሪ መሰለኝ።

“ወደ አንድ ዳሌ ዘምመው ሰሌዳ አይደገፉ፣
እግር አያነባብሩ፤ ግድግዳውን ይግፉ
በጉልበትዎ ጎን፣ አርባ እስኪቆጠር፤
ጅማት ችኩል አይወድም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚማር።”

ገፋሁ።
ጉሙ ጦሳን ለቀቀ፣ ክረምቱም አለፈ፤
የግድግዳዬ ቀለም በጉልበቴ ልክ ተገፈፈ።

ትናንት “ሦስት” ብዬ ወጣሁ ከሆስፒታሉ።
በወዳቂ ማርክ ስስቅ
ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ምን ባሉ!