ክዳኑ የጠፋበት

የቀለም ባልዲ ነው፤ ክዳኑን ነቅለን፣
በአራት ከፋፍለን፣
ሁለቱን ጥቁር፣ ሁለቱን ነጭ ቀብተን፣
መሐሉን በስተን፣
ሲባጎ ገባበት፣ በየስንዝሩ ቋጠሮ፣
ከጋራዥ የለመንነው ብሎን ከሥሩ ታስሮ።

መስከረም ሲጠባ ሠላሳ አንድ ነበርን፣
ጥር ሳይጋመስ ስድስት ቀረን።
አንዱ ለማትሪክ፣ አንዱ ለኳስ፤
ማስረሻን እናቷ ከበር ስትመልስ
«ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ» አለቻት።
እውነቷን ነው።
እኛ ግን ተረቱን በዓይናችን አይተናል፤
ፎገራ ዳር፣ ሐምራዊ አበባ ደርቦ፣ መንገድ ዘግቶብናል።
ቀን ሙሉ ነቀልነው፣ እጃችን እስኪላጥ፣
በሳምንቱ ብንመለስ ጠበቀን ሲያላግጥ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣
ጋሽ አንማው ከሽምብጥ ይወጣል ለዓሣ።
ታንኳው ደንገል ነው፤ ከእሱ ሌላ አንድ ሰው ይችላል፤
«ሦስተኛው ቀረሶ ነው፣ ከተገኘ» ይላል።
«ሐይቅ ደግሞ ይለካል?» አለኝ የመጀመሪያ ቀን፣ ስቆ፣
«ሰውን ነው ሐይቅ የሚለካው፣ ከነነፍሱ አጥልቆ።»

ሲባጎውን ለቀቅሁት፤ ክዳኑ ወረደ፣
ጥቁሩ ቀድሞ ሄደ፣
ነጩ ጠላ መሰለ፣
ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ እሱም የለ።
«ጠራ?» አለኝ።
«አልጠራም።» ጻፍኩኝ።

ያን ጊዜ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣
ነገረኝ ስለ አንድ ቢላ፤ በልጅነቱ ከእጁ ወጥቶ፣
እዚሁ፣ ከታንኳው ሥር፣ አሸዋ ላይ ሲያብለጨልጭ እንዳየው።
«ምን ያህል ይጠልቃል?» አልኩት። ክንዱን ዘረጋው።
ሲባጎዬን ይዤ፣ ከጣት እስከ ጣቱ፣
ትዝታውን ለካሁት፤ ስምንት ሆነ ርዝመቱ።

ደብተሬ ላይ አለ፤ በእርሳስ፣ «ጋሽ አንማው፣ ልጅነት፣
ስምንት»፤ ከጎኑ ጥያቄ ምልክት።
መምህርት እንጎቻ «ይህ መረጃ አይባልም» ብለው ላጲስ አነሡ፣
አዩት፤ ቆዩ፤ ሳይነኩት መለሱ።

ክረምት ገባ። ጉማራ አፈር ተሸክሞ መጣ።
አንድ ቋጠሮ። ግማሽ።
«ጠራ?» «አልጠራም።» ታንኳው ገባ፣ ወጣ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ለፈተና ብዬ ቀረሁ፤
ፊዚክስ ገልጬ አንድ መስመር አሥር ጊዜ አነበብሁ።
በር ተንኳኳ፤ አንድ ልጅ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣
«ጋሽ አንማው ነው የላከኝ። ሐይቁ ጠራ ብሏል።»
አለና ሮጠ መልሶ።

ክዳኑን ብብቴ ሥር ሸጉጬ በረርኩ።
ደረስኩ። ለቀቅኩ። ቆጠርኩ።
ሦስት።
«ኧረ የት ጠራ? ያው ሦስት ነው!» አልኩት ንድድ ብሎኝ።
መረቡን ይፈታል። ቀና አላለም።
«ታዲያ ምን አመጣሽ?» አለኝ።