የጣልኩትም ይጻፍ

ራስ አል ኸይማ። ነሐሴ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ጣሪያ ላይ ነኝ፤ የቀኑ ፀሐይ ገና አልወጣም ከብረት።
ሦስተኛው ኮምፕሬሰር ያስላል፤ ጋዙ ሾልኮበታል፤
ከእግሬ በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ አርባ ማሽን ያስባል።
የዶክተር ሸይማ ስሌት ነው፤ ከተጀመረ ድፍን አስራ ዘጠኝ ቀን፤
ቢቆም ከዜሮ ነው፤ ይቆማልም፣ ሃያ ሰባት ዲግሪን ካለፍን።

አንድ ቀን፣ ማጣሪያ ስቀይር፣ ጠየቅኳት፦
"ይሄን ሁሉ ሙቀት የምታወጣው ነገር ምን ናት?"
ሳቀች። አባቷ ዛሬም ወደቡ ዳር ሽቦ ይጎነጉናል፤
የዓሣ ወጥመድ ነው፣ ገርጉር ይሉታል፤ የጎጆ ክዳን ይመስላል።

"አንዲት የኳንተም ቅንጣት ናት፤ ብቻዋን ብትሆን ቀላል ነበረች፤
ግን ባሕር ውስጥ ናት፤ ከነካት ሁሉ ጋር ተሳሰረች።
ትሰጣለች፣ ትቀበላለች፤ ምስጢሯ ጠብ ጠብ እያለ ይፈሳል፤
ባሕሩም የሰማውን ይዞ ይቆይና፣ ዞሮ መልሶ ይነግራታል።
ክፍት ሥርዓት እንላታለን።"

በሆዴ፦ ይህንንስ አውቀዋለሁ፤
አስራ አንድ ዓመት በበር ስር የሚሾልክ አየር ሳሳድድ ኖሬአለሁ።
ዝግ ክፍል አላየሁም፤
ዝግ ነው የሚል የሥራ ውል ነው ያየሁ።

"ባሕሩን ሁሉ ልጻፍ ብል፣ አሸዋው ሁሉ ዲስክ ቢሆን አይበቃኝም፤
ስለዚህ እንደ መቁጠሪያ ሰካሁት፤
አንዱ ዶቃ ከጎረቤቱ በቀር ማንንም አያናግርም።
የሩቁ ወሬ እጅ በእጅ፣ በቅብብል ይመጣል፤
ዋናው በሁለት ዶቃ መካከል ያለው ክር ነው፤ ቢወፍር ማሽኑን ይገድላል፣
ቢቀጥን ውሸት ይሆናል።
ይሄ ነው የቴንሰር መረብ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ፣ በየእርምጃው ክሩን እፈታለሁ፤
ከባዱን ትስስር አስቀርቼ፣ ቀላሉን እቆርጣለሁ።
የአባቴ ገርጉርም እንዲሁ ነው፤ ትንሹ ዓሣ በቀዳዳው ይወጣል፤
ቀዳዳ ባይኖረው ማን ያነሣዋል? ከነክብደቱ ይሰምጣል።"

"የቆረጥሽውስ?"

"እሱንም እጽፈዋለሁ፤ በየእርምጃው የጣልኩት ስንት እንደሆነ፤
ጠብታ ነው ብለው የናቁት ነው፣ ውሎ አድሮ ጎርፍ የሆነ።"

አሁን ሳሉም ቆመ። ሃያ ስድስት ነጥብ አራት።
ደወልኩ። "አርባውን መሸከም አልችልም፤ ስምንት ላጥፋ?" አልኳት።
ዝም አለች። ከስልኩ ውስጥ የማራገቢያ ድምፅ፣ የቁልፎች ኳኳታ።
"ክሩን አቀጠንኩት። አጥፋ፣ እንድሪስ። ዛሬ ትንሽ እንዋሽ፣ ለአንድ ማታ።"

ጋዝ ሞላሁ። ቧንቧው ላብ እስኪያወጣ፣ እጄን ጭኜበት ተቀመጥኩ፤
ከማዶ የጀልባ መብራቶች ይታያሉ፤ ስምንት ድረስ ቆጠርኩ፣ ተውኩ።

እኔም ቆርጫለሁ።
እህቴን ጦይባን፣ ከሳምንት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ኢድ አሳነስኳት፤
የሚላከው ገንዘብ ከባድ ትስስር ነው፤ እሱን አስቀረሁላት።
ጨዋታውን፣ የጎረቤት ሐሜቱን፣ የላሟን መጥፋትና መገኘት፣
ትንሽ ነው ብዬ ጣልኩት።
አልጻፍኩትም ግን። ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤
አንድ ቀን "አንተ ማነህ?" ብትለኝ፣ በየትኛው እርምጃ እንደሳትኩ አላውቅም።

የጥገናውን መዝገብ ገለጥኩ። ቀኑን፣ ጋዙን፦ ሁለት ኪሎ፤
የጠፉትን ማሽኖች፦ ስምንት።
ከዚያ በታች፣ ተቆጣጣሪው በማያነበው ፊደል፣ እጄ ወዲያ ወዲህ ብሎ፦
ጦይባ። ያልደወልኩላት ቀን፦ ብዙ። በግምት።

ክፍሉ፦ ሃያ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ።
ከሚሴ ሊነጋ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል፤
ጣሪያው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።