ከግራ ነው

ከሪዮኒ ድልድይ ስንወርድ ኳ! ይላል፤
አባቴ ኑግዛር ሬዲዮውን ይዘጋል።
«ከግራ ነው» እናቴ፤ «ከቀኝ ነው» እሱ።
የጥርሷ ላሪ እንኳ ለቀኝ ሾክ መፍሰሱ!

ዛሬ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጋደምኩ፣
ጆሮዬን ለጥፌ ከላሜራ፤
ኮረኮንቹን ቀስ ብሎ ነዳ...
ኳ! «አባዬ፣ ከግራ!»

በክሪክ አነሣት። ሾኩ ደኅና፣ ሞላው ደኅና፤
ቦኮላዋ ነች፣ አውራ ጣት የምታህል ጎማ፣ ተበልታለችና።
ዐሥራ ሁለት ላሪ። ትንሽ ግራሶ። ሁለት ቡሎን። አበቃ።
እጁን በቤንዚን ታጥቦ አፏጨ፤
እናቴ ግራ ጉንጯን ደግፋ ዝም አለች፣ በቃ።

እሁድ ድልድዩን ወረድን። ጸጥ። የሚወራም ነገር የለ፤
አባቴ ፍጥነት ቀንሶ
አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ።