አላለፈም

ግራ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ፤
ምሥጢር ያለው ሰው እንግዲህ በቀኜ ይምጣ።
የአዳማ ነፋስ አቧራ እንጂ ወሬ አያመላልስም፤
ሃያ ስድስት ዓመት የት እንደዋልኩ ጎረቤት አይጠይቅም፣ እኔም አልመልስም።
«መሐንዲስ ነው» ይሉኛል፤ የት አለ ድልድዩ? የት አለ ሕንጻው?
ሌላው የሰፋውን መብሳት ነበር ሥራዬ፤ እንጀራዬ ከዚያ ነው የሚወጣው።

ጎሕ ሳይቀድ፣ ከአዋሽ ማዶ፣ ከግራሩ ሥር፣
ጭቃ እናቦካለን፣ የእንጨቱ ሳጥን ደረት እንዲኖር።
ፀሐይ ካገኘው ጭቃው ይላላል፤
የላላ ጭቃ እንደ ላላ ምስክር፣ ያልሆነውን ይላል።
ስለዚህ በሌሊት፣ በባትሪ፣ ተጠቅልለን በብርድ ልብስ፤
ሌንጂሳ ሙቀት ሲለካ፣ እኔ ለጭቃው ሰደርያ ሳለብስ።
ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት በኦሮምኛ አንድ ቃል ያጉተመትማል፤
ለሰደርያው ነው? ለጭቃው? ስለው፣ «ለተኳሹ» ይለኛል።
ከዚያ ጩኸቱ። ከዚያ የቆቆች መበርገግ። ከዚያ ማስመሪያ፣ በሚሊ ሜትር፤
የማላውቀው ልጅ የጎድን ስብራት በእኔ እርሳስ ሲሰፈር።

ጥይቱ ከቆመ ሰደርያው አለፈ፤
ጥይቱ ካለፈ ሰደርያው ወደቀ፣ በቀይ ተጻፈ።
እንዲህ ነው ቋንቋችን፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይቀራል፤
ያለፈ ሰው ደግሞ የቱ እንደሆነ ድንኳኑ ይናገራል።

ሠላሳ ሰባተኛው እሽግ መጣ፤ ስድስት ለናሙና።
አምስቱ ያዙ። በስድስተኛው ጀርባ መስኮት ተከፈተ፣ ብርሃን ገባና።
ኮሎኔሉ መጡ፤ ደግ ሰው፣ ለልጄ ሰርግ ወይፈን የላኩ፤
«ሙቀቱ ነው፣ ጭቃው ነው፣ አምስት ከስድስት አይበቃም?» አሉኝ፣ ትከሻዬን እየነኩ።
«ልጆቹ ባዶ ደረት ናቸው፤ ይሄ ከምንም አይሻልም?»
እውነታቸውን ነበር። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።
በማግሥቱ ሌሊት ሌላ ስድስት ደገምን፤ ጭቃው በልኩ ቀዝቅዞ፤
አራተኛው ላይ ጥይቱ በወዲያ ወጣ፣ የጨርቅ ክር ይዞ።
ጻፍኩ፦ አላለፈም።
የዚያ ዓመት እድገትም በሌሎች ደጅ እንጂ በእኔ ደጅ አላለፈም።

ማንም አላመሰገነኝ። ማንስ ሊያመሰግን?
ያልለበሰው ሰደርያ ያተረፈው ልጅ ይኖራል፤ በባዶ ደረቱ የቆመውስ ግን?

ደግሞ ሌላ አለ፤ ሃያ አንደኛው እሽግ፤ የሰርጉ ሳምንት፤
አምስቱን መትቼ፣ ስድስተኛውን ትቼ፣ ፈረምኩ በእምነት።
ድንኳን ሊተከል ነበር፤ ወይፈኑ ግቢ ታስሮ ያገሣል፤
አምስት ጊዜ የያዘ ጨርቅ፣ አልኩ፣ ስድስተኛውን ምን ያደርገዋል?
ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማሁም። ምናልባት ምንም የለም።
ግን ያ ስድስተኛው ሌሊት ሌሊት ሳይመታ አያድርም፤
እነቃለሁ፣ ማስመሪያውን ሳላስገባ፣ ስንት እንደሆነ ሳላይም።
ባለቤቴ ዘውድነሽ ወደ ቀኜ ትዞርና «ያለፈ ነገር ነው» ትላለች፤
ስለየትኛው እንደሆነ ግን ከየት ታውቃለች?

ትናንት ገበያ ወጣሁ፤ ፓፓያ ተከምሯል፣ በጋሪ።
አውራ ጣቴ ሳላስበው አንዱ ውስጥ ገባ፤ ሴትየዋ ጮኸች፦ «አንተ ነገር ጀማሪ!»
በግራዬ ነበረች፣ አልሰማኋትም፤ ዓይኔ ጉድጓዱን ሲሰፍር፤
ዐሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ፤ ይህ ልጅ ይተርፍ ነበር።
ሰዎች ናቸው በምልክት የነገሩኝ፣ ክፈል እንደምትለኝ።
ከፈልኩ። መልሱን ሳልቆጥር ኪሴ ከተትኩት፤ እጄ ተንቀጥቅጦ አስቸገረኝ።

ፍሬውን በሁለት እጄ ታቅፌ አዘገምኩ ወደ ዳገቱ፤
ነጮቹ ክንፎች ኮረብታው ላይ ይዞራሉ፣ ነፋሱን እየመቱ፣
ወይ እየተመቱ፤
ከዚህ ሆኖ አይለይም።