ከመስታወቱ ግርጌ

ቧንቧ ውሃ ቁልቁል፣ ከወፍጮ ቤቱ ሥር፣
አሥራ ስድስት ዓመት በካውያ፣ በሽቦ ስኖር፣
ሰው ጠጋኝ ይለኛል፤ እኔ ግን ተመልካች ነኝ።
የደሴ ቴሌቪዥን ታሞ የማያገኘኝ
የለም። መዳኑን ላረጋግጥ ብዬ
ሦስት ሰዓት አየዋለሁ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ።

ስለዚህ አስተያየት አለኝ። አልጠየቃችሁም፤
እኛ ሰፈር አስተያየት ተጠይቆ አይሰጥም።

ያ ቤት አለ አይደለ? አሥራ ሁለት ወጣቶች
ተቆልፎባቸው፣ ከነመዋኛው፣ ከነመስታወቶች፤
አንዱ ስኳር ደበቀ፣ አንዷ አኮረፈች፤
ቅዳሜ ማታ አንዱ ሻንጣ ይጎትታል፣ የቀረችው አለቀሰች።
መሀል ላይ ፓስታ ይሸጣሉ። ፓስታው አብቅቶ ስትመጣ
እንባዋ እዚያው ጉንጯ ላይ ነው፣ ጠብታው እንኳ ሳይወጣ።
ልቅሶስ ለኔ አይነገርም፤ ልቅሶ አይጠፋኝም፤
ካሜራ እያየ የሚያለቅስ ሰው ግን ሐዘኑ አይገባኝም።

ክሊፑም እንደዚያው ነው። አምባሰል ነው ሲሉኝ
የተከራዩትን መኪና ጎማ አሳዩኝ።

ዶክመንተሪ ግን አከብር ነበር።
አንበሳው ሲያደባ፣ በረዶው ሲሰበር፣
ያ ወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ ሲናገር
«ይሄ ሰው እውነት አለው» እል ነበር።
ነበር።

ሐሙስ ለት ጦይባ መጣች፣ የሙሄ ሚስት፣ ከሆጤ፣
ቴሌቪዥኗን እንደ ልጅ አዝላ፦
«ቶሎ በል፣ ቅዳሜ ማባረር አለ!
ለዚያች ለጠይሟ ልጅ ካርዴ እስኪያልቅ መልእክት ልኬላታለሁ፤
ከወጣች እኔ ነኝ የምወጣው።»

ጠገንኩት፤ ሞከርኩት። ጦሳ ጉም ለብሶ ነበር፤
ዲሹ አንዱን ሲያመጣ አንዱን ሲሰብር፣
ቻናል ስፈልግ ድንገት ያ ወፍራም ድምፅ መጣ፣
ያረጀ ፊልም ይዞ፣ ቀለሙ የገረጣ፦
መንገድ። አቧራ። ድንኳን።
አንዲት ልጃገረድ ዞራ አየችን።
«ወሎ» ይላል ከሥሯ፤ ዓመቱም አለ፤
ስም የለም። ሰውዬው «ዝምታዋ» እያለ
ስለ ዝምታዋ ብዙ ተናገረ።

ጦይባ ብድግ አለች። «ዘሙ ናት!»
«የቷ ዘሙ?»
«ዘምዘም ናታ፣ የአህመዴ ልጅ፣ የመርሳዋ!
ዝም? ዘምዘም ዝም? ሰውዬው አላወቃትማ!
ሰርግ ስትጠራ ሙሽራው የሚፈራት፣
ጤፍ ስትሰፍር ደላላው ቆሞ የሚያያት፣
ሁለት ባል የቀበረች፣ ሦስተኛውን ያባረረች፣
አምና፣ ከኢድ ማግስት፣ በስኳር በሽታ የሞተች።
ይሄ የቀረጸው አንድ ጠዋቷን ነው፤
ከዚያ ወዲህ የኖረችው አርባ ዓመት ነው፤
እሱን ማን ቀረጸው?»

ሰውዬው አልሰማትም፤ ክራር አስገባበት።
«ያቺ ስኳር ተሰረቅሁ ብላ የምታለቅሰው እንኳ
ስሟ ከነዕድሜዋ ከሥሯ ይጻፍላታል። ጻፍላት።»
«እኔ? እኔ ጠጋኝ ነኝ።»
«ታዲያ ይሄ አልተሰበረም?»

ነጩን ፕላስተር ቆረጥኩ፣ የሽቦ ማሰሪያውን፤
በእስክርቢቶ ጻፍኩ፣ እሷ እየነገረችኝ፣ ስሙን፦
ዘምዘም አህመዴ፣ ጤፍ ነጋዴ፣ መርሳ።
ከመስታወቱ ግርጌ ስለጥፈው
ልጅቷ አልፋለች፤ የሳሙና አረፋ ነበር።

ጦይባ አልላጠችውም። ይኸው ወር አለፈ።
ዜና አንባቢው ክራቫቱን አስተካክሎ ብቅ ይላል፦
ዘምዘም አህመዴ፣ ጤፍ ነጋዴ።
ጎል ያገባው ልጅ ማልያውን አውልቆ ይሮጣል፦
ዘምዘም አህመዴ።
ባለ መኪናው ዘፋኝ፣ ሚኒስትሩ፣ አንበሳው፣
ሁሉም በተራ የመርሳ ሰው ሆነው አረፉት።

ጠይሟ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ተባረረች።
ሻንጣዋን እየጎተተች፣ እያለቀሰች፣
በሩ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ፓስታው መጣ።
ጦይባ ደወለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።
«አየህልኝ?» አለች፣ ሳቋ እያቋረጣት፣
«ዘሙን ሊያስወጧት ሞከሩ።
ይኸው አለች።»