የሌሊት እጥበት

ጎረቤቴ ሃይሪያ ደረጃው ላይ ታቆመኛለች፤
«ዙምረታ፣ ምን ቢያድፍብሽ ነው ሌሊት ሌሊት የምታጥቢው?» ትላለች።
አንሶላ ነው እላታለሁ፣ መጋረጃ ነው እላታለሁ፤
አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ማሽን አሽከረክራለሁ።
ውሃ የለው፣ ሳሙና የለው፣ አንዲት ካልሲ እንኳ የለችው፤
ሆዱ እንደ ረመዳን ቀትር ባዶ፣ ዝም ብዬ ነው የማዞረው፤
ሙኒብ እንዲተኛልኝ ነው።

ሌላውን ከጦርነት የተረፈ ድምፅ ነው የሚያባንነው፤
በር ሲላተም፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ልጆች ርችት ሲተኩሱ ነው።
የኔ ባል ርችት ይወዳል፣ ነጎድጓድ ላይ ያንኮራፋል፤
ማቀዝቀዣው ቀጥ ሲል ግን፣ ጉርምርምታው ሲጠፋ ግን፣
በባዶ እግሩ ደጅ ወጥቶ በረዶ ላይ ይንከራተታል።

ያኔ ከተማችን ተከባ፣ መብራት ከጠፋ ሰንብቶ፣
ከድልድዩ ሥር መንኮራኩር አሰረ፣ ከበርሜልና ከሳንቃ ሠርቶ፤
ከማጠቢያችን ሞተር ነቅሎ፣ ሽቦውን በየመስኮቱ አስገብቶ።
ድሪና ሲያዞረው ለየቤቱ አንዳንድ አምፖል፣
እንደታመመ ዓይን የቀላች።
አይላን በዚያች ብርሃን ወለድኳት፤ እትብቷን በዚያች አየሁ።
ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል፣ ተኝተን እናዳምጠዋለን፤
እሱ እስካለ ድረስ አለን እንላለን።

በጥር አንድ ሌሊት ግንድ ወርዶ ተሰነቀረበት።
«እኔ ልሂድ» አለ ሙኒብ።
«ጫማህ እርጥብ ነው፣ ጋሼ» አለው ሴናሂድ፣ ተለማማጁ፤
አስራ ሰባት ዓመቱ፣ ጢሙን ገና በልመና የሚያበቅል።
ሮጠ።
ድምፁ እንዲነሳ ጠበቅን። እኔ ቆጠርኩ። አርባ ስደርስ
ከወንዙ ማዶ አንድ ጊዜ በራ።
ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።
የሙኒብ ጫማ ግን ምድጃው ዳር ደረቀ፤
ቆዳው ተሰነጣጠቀ፤ እግሩ አልገባበትም ዳግም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ወጣት ናት፣ ከቱዝላ የመጣች።
«ያን ሌሊት ምን ሰማህ?»
«ምንም።»
«ምንም አልሰማህም?»
«አይደለም። የሰማሁት እሱን ነው፤ ምንምን።»
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
በቀጣዩ ማክሰኞ፣ ከዚያም በቀጣዩ፣ ስድስት ወር
አንዲት ቃል ሳይጨምር ወንበሯን አሞቀላት፤
እሷም ሳታጣድፈው ዝምታውን አብራው ተቀመጠችበት።
በሰባተኛው ስለ ጫማው ነገራት።
ያን ቀን አውቶቡስ አልጠበቀም። በእግሩ መጣ፤
ከነካፖርቱ ቆሞ ግማሽ ዳቦ በላ።

ዳነ አልልም፤ ቃሉን እፈራዋለሁ፣
ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ብዙ ሰው ሲረግጠው አይቻለሁ።
በሚያዝያ ማቀዝቀዣው ቆመና እንደ ድሮው አልጋው ባዶ ሆነ፤
ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣ ድልድዩ ጋ አገኘሁት።
ጫማ አጥልቆ ነበር።
ክሩን ሳይቀር አስሮ።
እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ያዘነ መስሎት ካፖርቱን ደረበልኝ።

ትናንት ማታ የማሽኑን ሶኬት ራሱ ነቀለ።
«ቆጣሪው ይሮጣል» አለ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰበብ።
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።
እኔ ነኝ ዓይኔ የፈጠጠው።
ለካ እኔም አስራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ድምፅ ተሸፍኜ ነው የተኛሁት፤
ሃይሪያ ፎቅ ላይ ስታስል፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ፣ ከዚያም እሱ ሲቆም፣
ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ።
ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ሰባት።
በጨለማው እጁ መጣ፤ አልተኛም ኖሯል።
«መስኮቱን ልክፈተው?»
ከፈተው።
ታች ድሪና፣ ለማንም አምፖል ሳያበራ፣
ለገዛ ራሱ ይሄዳል።
በርዶኝ ነበር። አልነገርኩትም።