የላከችኝ ወረቀት

ሦስተኛ ክፍል ነን፤ ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣
ውርጩ ገና ሳይለቅ ከቆርቆሮ ከሣር።
እንደ ስሟ አሰልፋን አሰለፈች መምህሯ፣
ጥፍር ስታይ፣ ጆሮ ስታይ፣ በዚያ በቀጭን መነጽሯ፣
እኔ ከኋላ ቆሜ ከረሜላዬን ልጬ
ወረቀቱን ለቀቅኩት፣ ጣፋጩ ቀረ በጉንጬ።

አየችኝ።
አልተቆጣችም፤ አለንጋም አላነሣች፤
ዘበኛውን ጠርታ «በሩን ክፈትለት» አለች።
«ሂድ ተከተለው፤ እስኪቆም አትቁም፤
የት እንደሚያድር ሳታይ ክፍሌ አትገባም።»

የደብረ ብርሃንን ነፋስ መቼም ታውቁታላችሁ፣
እጅ እየነሣ ነው ባርኔጣ የሚነጥቃችሁ።
ቀይ ነበር ወረቀቱ፤ እንደ ቢራቢሮ
አጥሩን ዘለለው ከባሕር ዛፉ ሥር ዞሮ።
የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ግንብ ታክኮ ሲሮጥ፣
እኔ ኋላ ኋላው ስወድቅ ስፈራገጥ፣
ገብስ የታጨደበት ማሳ ላይ ሲያርፍ
ያዝኩት ስል ብድግ አለ፣ አወጣ ክንፍ።

ብቻውን አልነበረም። ይኼን ያየሁት ያኔ ነው፤
እሾሁ ሁሉ ፌስታል ለብሷል፣ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው።
አንዲት ጊደር ቆማ፣ ዐይኗን ጨፍና
ታላምጥ ነበር አንዱን፣ ሣር ነው ብላ አምና።
ከአፏ ጫፉን ይዤ ሳብኩ፤ እሷም ሳበች፤
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፤ እሷ አሸነፈች።

በሬሳ ደረስን።
ወረቀቱ ወንዙ ዳር ጥቂት አመነታ፣
ደኅና ሁን ሳይለኝ ገባ በዝምታ።

ስመለስ ጀንበር ጠልቃ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ፣
በሩ ላይ አገኘኋት፣ ተማሪው ሁሉ ቤቱ ገብቶ።
«የት ደረሰ?» «ወንዝ ገባ።» «ወንዙስ ወዴት ሄደ?»
«ጃማ።» «ጃማስ?» «ዓባይ…» ድምፄ ወረደ።
«ዓባይስ?» ከዚያ ወዲያ አላውቅም ነበረ፤
እሷም ዝም አለች፤ ጥያቄው እንደተንጠለጠለ አደረ።
ጋቢዋን አልብሳኝ ሸኘችኝ እስከ ደጅ፤
«ምን አጠፋ?» አለች እናቴ። «ምንም፤ የላክሁት ልጅ።»

አሁን ረዳት ነኝ፣ ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን፣
በጣርማ በር ጉም ውስጥ በመብራት ስንዳስስ መንገዱን
ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት እጄ ይቀድመዋል፤
የሙዝ ልጣጭ፣ ባዶ ሃይላንድ ጉያዬ ይገባል።
«ገደሉ ሰፊ ነው፣ ምን ቸገረህ?» ይላሉ፤
«አንተ ሂሳብ ተቀበል!» ብለው ይስቃሉ።
ከገደሉ ሥር ማሽላ የሚጠብቅ ሰው አውቃለሁ፤
ሳቃቸውን እንደ መልስ ሳንቲም ኪሴ እከታለሁ።
ባለቤቴ ልብስ ስታጥብ ኪሴን ትገለብጣለች፤
የማስቲካ ልባስ፣ ቆርኪ… «ምን ጉድ ነው» ትላለች።

መምህርቷ ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው፤
በቀብሯ ቀን ነፋስ ነበር፣ እንደ ልማዱ፣ ያው።
ሰው ሲበተን ጎንበስ ብዬ የወደቀ ሃይላንድ ሳነሣ
ማዶ አንድ ባለ ከረባት፣ ጎንበስ ብሎ፣ እሱም ሲያነሣ።
ተያየን። አንተዋወቅም። ፈገግ አለና በጥቂቱ፣
«የኔ» አለኝ፣ «የብስኩት ነበር፤ ያንተስ የምን ነው ወረቀቱ?»